የሚጠጣበት ገንዘብ፦ ከቦስተን እስከ ዊሊያምስበርግ በባቡር

ረቡዕ፣ ወደ ሰሜን

ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ እስከ ቦስተን በባቡር ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአውሮፕላን ብሄድ ምሳዬን እዚያ እበላ ነበር። ግን ኖርዝኢስት ሪጅናል የሚባለው የአምትራክ ባቡር ለኔ ጉዞ ተለክቶ የተሰራ ይመስላል። ቦስተን፣ ኒው ሄቨን፣ ኒው ዮርክ፣ ፊላዴልፊያ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ ዊሊያምስበርግ። የጥንት አሜሪካ ብር አንጥረኞች የሰሩባቸው ትልልቅ ከተሞች አብዛኞቹ አንድ ሐዲድ ላይ ተደርድረዋል።

ለምን የብር ኩባያ ፍለጋ እንደወጣሁ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። እኛ ቤት የብር ጌጥ ሲባል ማርትሬዛ ነው። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ ወፍራም ሴትዮ ያለችበት የኦስትሪያ ጠገራ ብር። አንጥረኛው እሱን አቅልጦ የአንገት መስቀል፣ አምባርና የጆሮ ጌጥ ያወጣል። ይህ የኛ ብቻ ነገር ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ የቦስተን አንጥረኞችም ከዚያ ከ100 ዓመት በላይ ቀድመው የስፔንን ብር እያቀለጡ ኩባያ ይሰሩ እንደነበር አገኘሁ። ምክንያታቸውም ያው ነው። አገሩ የራሱ የብር ማዕድን የለውም። ብሩ የሚመጣው በንግድ፣ ሳንቲም ሆኖ ነው።

(እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማታ ቦስተን ጎን ባለችው ኬምብሪጅ የአክስቴ ልጅ ቤት ደረስኩ። የሚበላውን አቀራርባ እቅዴን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ሰው ቦስተን መጥቶ ሎብስተር ይበላል» አለች። «አንተ ኩባያ ልታይ ነው የመጣኸው?»

«የብር ኩባያ» አልኳት።

«እሱማ የኛም ቡፌ ውስጥ አለ» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ።

ሐሙስ፣ ቦስተን

ቀኑን የጀመርኩት ከመቃብር ነው። ትሬሞንት ጎዳና ላይ ግራነሪ የሚባል ጥንታዊ መካነ መቃብር አለ። ቱሪስቱ ሁሉ የሚሰበሰበው አንጥረኛውና የነፃነት ጀግናው ፖል ሪቪር ያረፈበት ጋ ነው። ድንጋዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ግን የፈለግሁት ጆን ሃልን ነበር። ሃል ያረፈው ከሴት ልጁ ባል፣ ከዳኛ ሳሙኤል ሱዎል ቤተሰብ ጋር ነው። እዚያ ጋ ማንም ሳንቲም አላስቀመጠም። ሳንቲም የሚገባውስ ለሱ ነበር።

ሃል በ1624 እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ ቦስተን የመጣ ሰው ነው። አንጥረኝነትን የተማረው ከእናቱ ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ነው። በ1652 የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የራሱን ሳንቲም ለመምታት ሲወስን ሥራውን ለሃል ሰጠው። ሃልም ለንደን ውስጥ ሙያውን ተምሮ የመጣውን ሮበርት ሳንደርሰንን ሸሪክ አደረገ። ክፍያቸው ከሚመቱት ብር ላይ ይቆረጣል፤ ከ20 ሽልንግ 1 ሽልንግ ገደማ። በጣም የሚያዋጣ ሥራ ነበር።

ሳንቲሙ ላይ የጥድ ዛፍ አለበት። ከሁሉም የሚገርመው ዓመቱ ነው። ለ30 ዓመት ያህል ሲመቱ ሽልንጉ ላይ የሚጽፉት 1652 ብቻ ነው። ያኔ እንግሊዝ ንጉሥ አልነበራትም። ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 አንገቱ ተቀልቷል፤ ልጁ ዙፋኑን ያገኘው በ1660 ነው። ሳንቲም መምታት ደግሞ የንጉሥ መብት ነው። ስለዚህ ዓመቱን አለመቀየር «ይሄ እኮ ድሮ፣ ንጉሥ ባልነበረበት ጊዜ የተመታ ነው» ለማለት ሳይመች አይቀርም። የሐበሻ ብልጠት የምንለው ነገር ፈረንጅም ጋ አለ ማለት ነው።

ስለ ሃል የሚወራ ተረት አለ። ልጁን ሐናን ለሱዎል ሲድር በሚዛን አንድ ወገን እሷን አስቀምጦ፣ በሌላው ወገን ሽልንግ እየከመረ፣ በክብደቷ ልክ ብር ሰጣት ይላል። ታሪክ የሚለው 500 ፓውንድ እንደሰጣት ነው። የመካነ መቃብሩ አጥር ጋ ቁጭ ብዬ በስልኬ አሰላሁት። 500 ፓውንድ 10,000 ሽልንግ ነው። የጥድ ዛፉ ሽልንግ ክብደት 4.7 ግራም ገደማ ነው። ሁሉም በዚያ ሳንቲም ተከፍሎ ቢሆን 47 ኪሎ ይመጣል። ቀጠን ያለች ሙሽራ ናት። ተረቱን የፈጠረው ሰው ሒሳብ ሳይችል አልቀረም።

ሃልና ሳንደርሰን ሳንቲም ብቻ አልነበረም የሚሰሩት። በዚያው የአንጥረኛ ቤት የወይን ዋንጫ፣ እጀታ የሌለው ረጅም ኩባያ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ጎድጓዳ ኩባያ ይሰሩ ነበር። እቃው ላይ የሁለቱም የስም መጀመሪያ ፊደላት ጎን ለጎን ይመታሉ። ይህን ነገር ያዙልኝ። በእንግሊዝ አገር ብር ሰሪው እቃውን ወደ መርማሪ ቤት ይወስዳል። እዚያ ንጥርነቱ ይፈተንና ማኅተም ይመታበታል። ከ1000 እጅ 925 ንጹሕ ብር ካልሆነ አያልፍም። ቦስተን ግን እንዲህ ያለ ቤት አልነበራትም። ደንበኛው ያለው ዋስትና እነዚያ ሁለት ሦስት ፊደሎች ናቸው። ሰውየውን ካመንከው ብሩን ታምናለህ፤ አለቀ።

ለዚህ ይሆናል አንጥረኛው እዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ቦታው ከፍ ያለው። ሃል የጦር ካፒቴን ነበር። ነጋዴ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ገንዘብ ያዥም ሆኗል። እዚህ ላይ የራሳችንን አገር ማሰቤ አልቀረም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሰሪዋን «ቡዳ» እያልን ስንት ዘመን አብረናቸው ማዕድ ሳንቆርስ ኖርን። መስቀላችንን የሰራልንን ሰው ስም ማን ያውቃል?

ከሰዓት ኖርዝ ኤንድ ወደሚባለው የቦስተን ሰፈር ሄድኩ። የሪቪር ቤት በ1680 ገደማ የተሰራ የእንጨት ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ። ሪቪር ቤቱን የገዛው በ1770 ነው። ከሁለት ሚስቶቹ 16 ልጆች ወልዷል። አባቱ አፖሎስ ሪቯር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ገና ልጅ ሳለ ከአገሩ ተሰዶ፣ ቦስተን ውስጥ ጆን ኮኒ የሚባል ታላቅ አንጥረኛ ጋ ተለማማጅ ሆነ። ስሙንም ለአገሬው አፍ እንዲመች ቀየረው። ስንቶቻችን ነን እዚህ አገር መጥተን ስማችንን ያሳጠርነው።

ሪቪርን አሜሪካኖች የሚያውቁት ሚያዝያ 18 ቀን 1775 ሌሊት በፈረስ ጋልቦ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ መሆኑን በማስጠንቀቁ ነው። እኔን የሳበኝ ግን እንጀራውን ያገኘበት መንገድ ነው። ማንኪያ ይሰራል፣ የጫማ ዘለበት ይሰራል፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ይቀርጻል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ሰራሽ ጥርስ ይተክላል። በስተርጅናው ደወል አፍስሷል፤ በ1801 ደግሞ የመዳብ ፋብሪካ ከፍቷል። የማይሞክረው ነገር የለም።

ዓርብ፣ የቦስተን ሥነ ጥበብ ሙዚየም

ይህ ሙዚየም በ1906 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የጥንት አሜሪካ ብር ዐውደ ርዕይ ያዘጋጀ ነው። ከዚያ በፊት ብዙው እቃ ቤተ ክርስቲያን ካዝና ውስጥና የሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

በቀጥታ የሄድኩት ወደ ነፃነት ሳህን ነው። ሪቪር በ1768 የሰራው የፓንች መጠጫ ነው። ፓንች ማለት ሮም የሚባል የሸንኮራ አገዳ አረቄ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ውሃና ቅመም ተቀላቅሎ በአንድ ትልቅ ሳህን የሚቀርብ መጠጥ ነው። ሳህኑ አፉ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ቅርጹ ከቻይና ሸክላ ሳህን የተወሰደ ነው፤ ለስላሳ፣ ምንም ያልበዛበት። ታሪኩ ግን በዝቷል። እንግሊዝ በወረቀት፣ በመስታወትና በሻይ ላይ ቀረጥ ስትጥል የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ለሌሎች ቅኝ ግዛቶች «እንተባበር» የሚል ደብዳቤ ላከ። ንጉሡ ደብዳቤው ይሻር አለ። 92 አባላት አንሽርም አሉ፤ 17ቱ እሺ አሉ። የነፃነት ልጆች የሚባለው ማኅበር 15 አባላት ተሰባስበው ይህን ሳህን ለ92ቱ መታሰቢያ አሰሩ። የ15ቱም ስም ከአፉ ዙሪያ ተቀርጿል። ክብደቱ 45 አውንስ ነው። የሚይዘውም 45 ጊል፤ በኛ ከ5 ሊትር በላይ። 45 ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። ለንደን ውስጥ ጆን ዊልክስ የሚባል ፖለቲከኛ ንጉሡን ተችቶ የታሰረበት ጋዜጣ ቁጥር 45 ነበር።

እስቲ አስቡት። ዛሬ ሰው ተቃውሞውን ቲሸርት ላይ ያትማል። እነዚህ 15 ሰዎች 1.4 ኪሎ ብር ላይ ስማቸውን አስቀረጹ። ንጉሡ ቢያሸንፍ ኖሮ ሳህኑ የክስ ማስረጃ ነበር። ሙዚየሙ በ1949 ሲገዛው የቦስተን ተማሪዎችም ሳንቲማቸውን አዋጥተዋል።

ሳህኑ ጋ ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ የሳለው የሪቪር ሥዕል አለ፤ የዚያኑ ዓመት ሥራ ነው። ሪቪር ኮት አልለበሰም። በሸሚዝ ነው። በአንድ እጁ የብር ሻይ ማፍያ ይዟል፣ ሌላኛው አገጩ ላይ ነው፣ መቅረጫ መሣሪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል። በዚያ ዘመን ሀብታም ሰው ሲሳል ሐር ለብሶ ነው። ይህ ሰው ከነሥራ ልብሱ ተሳለ። ዘሮቹ በኋላ ለሙዚየሙ እስኪሰጡት ሥዕሉ ብዙ ዘመን ቤተሰቡ ውስጥ ነበር።

ከሁሉም ብዙ ሰዓት የፈጀሁት ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ኩባያዎች ጋ ነው። ፒዩሪታኖች የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች የካቶሊክ የሚመስል ነገር አይወዱም። ስለዚህ ለቅዱስ ቁርባን የተለየ ጽዋ የግድ አላሉም። ምእመኑ ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠጣበትን ኩባያ በኑዛዜ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ኩባያውም ቁርባን ይዞ ይቀጥላል። የሰጪው ስም ይቀረጽበታል። ለኛ ይህ ለመዋጥ ይከብዳል። ጽዋችን ማን እንደሚነካው እንኳ ሥርዓት አለው። ግን ለታሪክ ጠቅሟል። ቤት የቀረው ብር ፋሽን ሲያልፍበት ቀልጦ ሌላ ነገር ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የገባው ተረፈ። 350 ዓመት የሞላው የሃልና የሳንደርሰን ዋንጫ ዛሬ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ የተረፈ ነገር ደግሞ አለ፤ ታንካርድ። ክዳንና ትልቅ እጀታ ያለው የቢራ ኩባያ ነው፣ አንዳንዱ አንድ ሊትር ይይዛል። ክዳኑን በአውራ ጣት ገፍተህ ትከፍታለህ። በ1826 እዚሁ ቦስተን ውስጥ መጠጥ የሚቃወም ትልቅ ማኅበር ተመሠረተ፤ ነገሩም እንደ ሰደድ እሳት አገሩን አዳረሰ። የአያቶቻቸውን ታንካርድ የወረሱ ሰዎች አፈሩ። ምን አደረጉ? ከፊቱ ቀዱና አፍ አስበየዱበት። የቢራ ኩባያው የውሃ ማንቆርቆሪያ ሆነ! በኋላ ሰብሳቢዎች አፉን እያስነቀሉ እንደገና ታንካርድ አደረጓቸው። በአንዳንዱ ላይ የተጠገነው ቦታ ቀረብ ብሎ ላየው ይታያል። ከሙዚየሙ ውስጥ ብቻዬን ያሳቀኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ ኒው ሄቨን

ጠዋት ባቡሩ ሮድ አይላንድ ውስጥ ኪንግስተን የምትባል ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። መውረድ አላስፈለገኝም፤ ግን በመስኮት አየኋት። ሳሙኤል ኬዚ እዚህ አካባቢ ይኖር ነበር። ጥሩ አንጥረኛ ነበር፣ ኩባያዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በ1764 ቤቱ ተቃጠለ። ከሰረ። ከዚያ ያው እጁ የሚችለውን ሰራ፤ ሐሰተኛ የስፔንና የፖርቱጋል ሳንቲም። በ1770 ተይዞ ሞት ተፈረደበት። ሊሰቀል ጥቂት ሲቀረው ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው አስወጡት። ከዚያ ወዲያ የገባበት አልታወቀም።

ነገሩ አይገርምም። አንጥረኛ ማለት ብር ማቅለጥ፣ ቅርጽ ማውጣት፣ ፊደል መቅረጽ የሚችል ሰው ነው። ሃል መንግሥት አዝዞት ሳንቲም መታ፤ ኬዚ ማንም ሳያዘው መታ። መሣሪያቸው አንድ ነው።

የዬል ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። ሻንጣ ይዘህ አትገባም እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። የአሜሪካ ብር ክፍሉ ዋና መሠረት ፍራንሲስ ጋርቫን በ1930 በሚስቱ ስም የሰጠው ስብስብ ነው። እቃው ተጠጋግቶ ስለተቀመጠ ማወዳደር ይቻላል።

እዚህ ልብ ያልኩት ከግርጌ ያለውን ነው። ብዙ እቃ ሥር ሦስት ፊደል በሦስት ማዕዘን ይቀረጻል። ከላይ የቤተሰቡ ስም፣ ከታች በግራ ባል፣ በቀኝ ሚስት። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ክብደቱ በአውንስ በመርፌ ተጭሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባንክ የለም። ሳንቲም በከረጢት ካስቀመጥክ ሌባ ይወስደዋል፤ የማን እንደሆነም ማሳየት አትችልም። ታንካርድ አሰርተህ ፊደልህን ካስቀረጽክበት ግን ትለየዋለህ። ቢሰረቅ በጋዜጣ ታሳውጃለህ፤ «እንዲህ ያለ ፊደል ያለበት፣ ይህን ያህል አውንስ የሚመዝን» ብለህ። ሌባው ሊሸጠው የሚሄደው አንጥረኛ ጋ ነው፤ አንጥረኛውም ጋዜጣ ያነባል። ገንዘብ ሲቸግርህ ትመዝነውና ታቀልጠዋለህ። እስከዚያው ትጠጣበታለህ። ተቀማጭ ገንዘብ ሆኖ ለእንግዳ የሚታይ ሌላ ነገር አላውቅም።

ሁለት ጆሮ ያለውን ኩባያም እዚህ በደንብ አየሁት። ከታች ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ። ኮድል ለሚባል ትኩስ መጠጥ ነው የተሰራው። ቢራ ወይም ወይን፣ እንቁላል፣ ስኳርና ቅመም ያለበት፣ ለበሽተኛና ለአራስ የሚሰጥ። ሁለት ጆሮ የኖረው የደከመ ሰው በሁለት እጁ እንዲይዘው ነው ይላሉ። ከእጅ ወደ እጅ ለማቀባበልም ይመቻል።

እሑድ፣ ኒው ዮርክ

ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እሑድ ቀን መግባት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰዉ ግን የሚጎርፈው ወደ ግብፅና ወደ ሥዕሎቹ ስለሆነ የአሜሪካ ክፍል ሰገነት ላይ ያለው ብር ጭር ብሏል።

ኒው ዮርክ መጀመሪያ የደች ከተማ ነበረች። እንግሊዞች በ1664 ከያዟትም በኋላ አንጥረኞቿ እንደ ደች ነበር የሚሰሩት። እዚህ ለማየት የመጣሁት አንድ እቃ ነው፤ ኮርኔሊየስ ኪርስቴድ ከ1700 እስከ 1710 ባለው ጊዜ የሰራው ሁለት ጆሮ ያለው ጎድጓዳ ሳህን። ዙሪያው በስድስት ተከፍሏል። በየክፍሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፍቶ የወጣ ትልቅ አበባ አለ። ጆሮዎቹ የሴት ምስል ናቸው። ከቦስተኑ የረጋ ብር ቀጥሎ ሲያዩት ሠርግ ቤት የገቡ ያህል ነው።

ደቾች ልጅ ሲወለድ ሴቶቹ ተሰብስበው አራሷን ይጠይቃሉ። እንዲህ ባለው ሳህን ብራንዲና ዘቢብ ይቀርባል። እንግዶቹ ማንኪያ ማንኪያቸውን ይዘው ሳህኑን እየተቀባበሉ ይበላሉ። እኔ ወዲያው የታየኝ የአራስ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ቅቤና በርበሬ ያለው፣ ሴቶቹ ከበው እልል እያሉ የሚበሉት። ብራንዲው ሲቀር ሌላው ያው ነው። ኪርስቴድ ራሱ በ1720ዎቹ ከኒው ዮርክ ወጥቶ ትናንት ወደነበርኩበት ኒው ሄቨን ተዛወረ።

ማየር ማየርስም የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ1723 የተወለደ አይሁዳዊ አንጥረኛ ነው። ለምኩራብ የኦሪት ጥቅልል ጫፍ ላይ የሚደረጉ የብር ጉልላቶች ሰርቷል፤ ለክርስቲያን ሀብታሞችም ታንካርድ ሰርቷል። በ1786 የከተማዋ የወርቅና የብር ሰሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። ሃይማኖቱ ሌላ በሆነ ከተማ የሙያ ጓደኞቹ እሱን መሪ አደረጉ። እጁን አይተው ነው።

ሰኞ፣ ፊላዴልፊያ

ዛሬ አጭር ነው። ነፃነት አዳራሽ ሄጄ አንጥረኛው ፊሊፕ ሲንግ የሰራውን የብር ቀለም ማስቀመጫ አየሁ። መጠጫ አይደለም፤ ግን አልፎ መሄድ አይቻልም። በ1752 ለፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ተሰራ፤ በ1776 የነፃነት መግለጫው፣ በ1787 ሕገ መንግሥቱ የተፈረመው ብዕር ከሱ ተነክሮ ነው። ሰልፉ ያንገሸግሻል። ጠባቂዋ ቆጣ ብላ «ወደፊት፣ ወደፊት» ትላለች። እኔም ወደፊት ሄድኩ።

ይህች ከተማ ፒተር ቤንትዞን የተማረባት ናት። ቤንትዞን በ1783 ገደማ በካሪቢያን የተወለደ፣ ነፃ የሆነ ጥቁርና ነጭ ቅልቅል ሰው ነው። ፊላዴልፊያ ተለማምዶ የራሱን ማኅተም እቃው ላይ መታ። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። በተለይ ደቡብ፣ ቻርልስተን ውስጥ፣ በአንጥረኛ ቤት በባርነት የሚሰሩ ጥቁር ባለሙያዎች ነበሩ። የምናውቃቸው ከጋዜጣ ማስታወቂያ ነው፤ «ጠፍቶብኛል» ወይም «የሚሸጥ» ከሚል። ኩባያው ላይ ያለው የጌታው ፊደል ነው። ከዚያ ወዲህ የሙዚየም ጽሑፍ ላይ የሰሪ ስም ባየሁ ቁጥር መዶሻውን በእርግጥ የያዘው ማን ነበር እላለሁ። ፓንቹ ውስጥ ያለው ሮምና ስኳርም ከካሪቢያን ባሮች እጅ የመጣ ነው። የነፃነት ሳህንም ከዚህ አያመልጥም።

ምሳ ዌስት ፊላዴልፊያ፣ ሐበሻ ቤት። ሽሮው ደህና ነበር።

ማክሰኞ፣ ዊሊያምስበርግ

ባለፉት ቀናት ያለቀለት ኩባያ በመስታወት ሳይ ቆይቼ ዛሬ መዶሻ ሰማሁ። ዊሊያምስበርግ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ሆና የታደሰች ናት። ጎልደን ቦል የሚባል የብር ሰሪ ቤት አላት፤ ስሙ በ1765 ጄምስ ክሬግ የሚባል አንጥረኛ ከከፈተው ሱቅ የመጣ ነው። ዛሬ የዘመኑን ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች በዘመኑ መሣሪያ ይሰሩበታል። የቲያትር አይደለም። የእውነት ነው የሚሰሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ብሩ በማቅለጫ ሸክላ ይቀልጣል፣ በብረት ቅርጽ ይፈሳል፣ ወፍራም ጥፍጥፍ ይሆናል። ከዚያ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል። ክብ ሆኖ ይቆረጣል። ክቡ መስፍ ላይ ተደግፎ ከውጭ በኩል በመዶሻ ይመታል። ከመሐል ይጀመርና ቀለበት በቀለበት ወደ ዳር ይወጣል። አንድ ዙር ሲያልቅ ሳህኑ ትንሽ ይታጠፋል። ደግሞ ዙር፣ ደግሞ ትንሽ። ጠፍጣፋው ብር ቀስ እያለ ግድግዳ ያወጣል። አንድም ቦታ ስፌት የለውም።

ችግሩ ብር ሲመታ ይጠነክራል። ዝም ብለህ ከመታኸው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየዙሩ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ይወጣና ይቀዘቅዛል። ያኔ እንደገና ይለሰልሳል። ክፍሉ ለምን ጨለም እንዳለ ያኔ ገባኝ። ፀሐይ ካለ የእሳቱን ቀለም ማየት አይቻልም፤ ትንሽ ካለፈ ብሩ ይቀልጣል። ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከእሳቱ አላነሱም። ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጎብኚ ከስር ጀምረው ይነግራሉ፣ አይሰለቹም።

ቅርጹ ሲያልቅ ፊቱ በተወለወለ ጠፍጣፋ መዶሻ የመዶሻ ጠባሳው ይደመሰሳል። እጀታው ለብቻ ነው፤ በአሸዋ ቅርጽ ይፈሳል ወይም ከሁለት ግማሽ ተበይዶ ባዶ ሆኖ ይሰራል። መበየጃው ራሱ ብር ነው፣ ቶሎ እንዲቀልጥ መዳብና ዚንክ ያለበት ነሐስ የተቀላቀለበት። ብየዳው እንዲይዝ ቦራክስ የሚባል ነጭ ጨው ይነሰነስበታል።

ታንካርዶቹ እጀታ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አይቼ ስለነበር ጠየቅኋቸው። አንዳንድ አስጎብኚ ቢራ ያለቀበት ሰው የሚያፏጭበት ነው ይላል። ሳቁ።

«ባዶ እጀታ እሳት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል» አሉኝ። «መውጫ ካላገኘ ይፈነዳል። ፉጨቱ ለኛ ነው።»

ጠረጴዛው ሥር ቆዳ ተወጥሯል። የሞረድ ብናኝ እዚያ ይጠራቀማል። ወለሉ ይጠረጋል፣ ጥራጊው ይቃጠላል፣ ብሩ ተነጥሮ ይወጣል። የደንበኛ ገንዘብ ነዋ። ደንበኛው ሳንቲሙን መዝኖ ይሰጥሃል፣ ኩባያውን መዝኖ ይቀበልሃል። የእጅ ዋጋህ ለብቻ ነው። ተለማማጅ ይህን ሁሉ ለመልመድ ሰባት ዓመት ገደማ ከጌታው ቤት ይኖራል። ደመወዝ የለም፤ ምግብ፣ ልብስና መኝታ ብቻ።

መርካቶም ፒያሳም አንጥረኛ ቤት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መስፉ፣ ጉጠቱ፣ ከሰሉ፣ ሚዛኑ ያው ነው። የኛዎቹ በአብዛኛው የሚሰሩት ትንሽ ነገር ነው፤ መስቀል፣ ቀለበት፣ ሐብል። ጠጁ በብርሌ፣ ጠላው በቀንድ ዋንጫ ወይም በጣሳ ስለሚጠጣ ብር ለኩባያ አልዋለም፤ ለአንገትና ለቤተ ክርስቲያን ዋለ። ሰሪው ግን ፊደሉን አይመታም። ቢመታው ኖሮ የልጅ ልጆቻችን ሙዚየም ቆመው «ይህ የእገሌ እጅ ነው» ይሉ ነበር፤ ይህ ቁጭት ከዚያ ቤት እስክወጣ አልለቀቀኝም።

ስሸኝ ለአዛውንቱ ሌላ ምን ልይ አልኳቸው። ዊንተርቱር አሉኝ። ደላዌር ውስጥ፣ ዊልሚንግተን አጠገብ ያለ ሙዚየም ነው። ሪቪር በ1772 ለአንዲት የማሳቹሴትስ ቤተ ክርስቲያን የሰራቸው ስድስት አንድ ዓይነት ታንካርዶች እዚያ አንድ ላይ አሉ። ሰኞ ባቡሬ በዊልሚንግተን አልፏል፤ ግን ዊንተርቱር ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። አብራኝ እንድትሄድ የጥቅምት ቅዳሜ ፈረቃዋን ልታስቀይር ተስማማች፣ ሎብስተሩን እኔ ከከፈልኩ።